ካላዛርን የምትለየው ቀጭን ወረቀት፤ ስለ ፕሮቲን ንድፍና ስለ ሕዝብ ጤና የቀረበ ትምህርት



ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ የርብን ወንዝ ተሻግሮ፣ የፎገራን ሜዳ ዳር ይዞ ወደ ይፋግና ወደ አዲስ ዘመን ያደርሳል። ይፋግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢው ያለፉ የውጭ ተጓዦች ሳይቀሩ በማስታወሻቸው ያነሷት የገበያ ከተማ ናት። መንገድና ገበያ በረከት ያመጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በሽታም በዚያው መንገድ ይገባል። ይህን የሊቦ ከምከምና የፎገራ አጥቢያዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ከ1997 ዓ.ም. በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በተለይም በቡራና በአጎራባች መንደሮች፣ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት መታየት ጀመረ። የታመመው ሰው ከቀን ወደ ቀን ይከሳል፤ ደሙ ያንሳል፤ ጣፊያው አብጦ ግራ ጎኑን ይወጥረዋል። የወባ መድኃኒት ቢሰጠውም አይሻለውም። በሜዳው ወባ የኖረ በሽታ በመሆኑ፣ ሕመሙ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ታሰበ። በግንቦት ወር 1997 ዓ.ም. የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ባለሙያዎች ከጤና ሠራተኞቹ ጋር ነገሩን ሲመረምሩት፣ ሕመሙ ወባ ሳይሆን ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር እስከዚያ ድረስ በሑመራና በመተማ ቆላ የታወቀ እንጂ በዚህ ደጋማ አካባቢ እምብዛም ያልታየ በሽታ ነበር። ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ወደ ቆላ ወርደው የሚመለሱ ወጣቶች ይዘውት ሳይመጡ እንዳልቀረ አጥኚዎች ይገምታሉ።

በአካባቢው ብቸኛ በነበረው የሕክምና ማዕከል ከግንቦት 17 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ዓ.ም. የታከሙት ሰዎች መዝገብ በኋላ ተጠንቶ ታትሟል። ወረርሽኙ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሲሆን፣ ወደ ሁለት ወረዳዎች ተስፋፍቶ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአካባቢው የሚኖር በሽታ ሆኖ ቀረ። ከታካሚዎቹ 77.6 በመቶ ወንዶች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት አይበልጥም ነበር። ከ100 ታካሚዎች 4ቱ አርፈዋል። ዕድሜያቸው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ኤች አይ ቪ፣ ሳንባ ነቀርሳና ከባድ የምግብ እጥረት የነበረባቸውም እንዲሁ ለሞት የቀረቡ ነበሩ።

ይህን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ያልታከመ ካላዛር ከያዛቸው 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በ4ና በ95 መካከል ያለው ልዩነት ሕመሙን በስሙ መጥራት መቻልና መድኃኒቱን ማግኘት ነው። ሕመሙ ስሙን ከማግኘቱ አስቀድሞ ያረፉት በዚህ መዝገብ ውስጥ የሉም፤ የፈታቸው ካህን ግን ያስታውሳቸዋል።

ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ወባና ካላዛር በዓይን ሲታዩ እንዲህ ከተመሳሰሉ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ በምን ይለያቸዋል? መልሱ ከጣት የምትቀጥን አንዲት የመመርመሪያ ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ ያለው ዋነኛ ነገር ደግሞ በሰው እጅ የተሠራ ፕሮቲን ነው። በዘመናችን እየተስፋፋ ያለው የፕሮቲን ንድፍ ምርምር ለይፋግ ገበሬ ምን እንደሚጠቅም ከዚህች ወረቀት በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘንም።

ፕሮቲን ከምግብነቱ ባሻገር

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ምግብን ነው፤ በጾም ወራት ሽሮና ምስር፣ በፍስክ ጊዜ ወተትና እንቁላል። ይህ ትክክል ነው፤ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። በሰውነታችን ውስጥ አየር የሚሸከመው፣ ምግብ የሚፈጨው፣ ቁስል የሚያደርቀው፣ በሽታን የሚዋጋው ሁሉ ፕሮቲን ነው። ጥገኛ ተሕዋስያንም የየራሳቸው ፕሮቲኖች አሏቸው።

ፕሮቲን እንዴት እንደተሠራ ለማሰብ መቁጠሪያን በእጃችሁ ያዙ። ዶቃዎቹ ግን አንድ ዓይነት ሳይሆኑ 20 ዓይነት ይሁኑ። እነዚህ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። ዶቃዎቹ የተሰኩበት ቅደም ተከተል ክሩ እንዴት ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ ይወስናል፤ የጥቅልሉ ቅርጽም ፕሮቲኑ የሚሠራውን ሥራ ይወስናል። አንዱ ፕሮቲን ሌላውን የሚይዘው ቁልፍ ከጋን ጋር እንደሚገጥም በቅርጹ ስለሚገጥም ነው። አንዲት ዶቃ ብትለወጥ አንዳንድ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ቁልፉ አይከፍትም።

ሰው ይህን ቅደም ተከተል እያወቀ መለወጥ ከጀመረ ቆይቷል። በየአጥቢያችን የስኳር ሕመም ያለባቸው ምእመናን የሚወጉት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን ነው። ቀድሞ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከ1975 ዓ.ም. ወዲህ ግን የሰው ኢንሱሊን አሠራር መመሪያ በባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ፣ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው እንዲያመርቱት እየተደረገ በመድኃኒትነት ይሰጣል። ቀጥሎም ተመራማሪዎች አንዲት ዶቃ ለውጠው ሁለት ጨመሩበትና፣ በቀን አንድ ጊዜ ተወግቶ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራ ኢንሱሊን አገኙ። የፕሮቲን ንድፍ ማለት በአጭሩ ይህ ነው፤ ጥቅሙን አስቀድሞ አስቦ፣ ለዚያ ጥቅም የሚስማማ ቅርጽ ማበጀት።

ወረቀቷ እንዴት ትሠራለች?

ካላዛርን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሌይሽማንያ ይባላል፤ የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ በጣም የሚያንስ፣ ሲበር ድምፅ የማይሰማ የአሸዋ ዝንብ ነው። ተሕዋሱ ወደ ሰው ሲገባ ሰውነታችን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ያመነጫል። እነዚህም ፕሮቲኖች ናቸው፤ የጠላታቸውን ቅርጽ ለይተው የሚይዙ።

እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በብራዚል ከሚገኝ የሌይሽማንያ ዝርያ አንድ ትልቅ ፕሮቲን መርምረው፣ በውስጡ 39 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሐረግ ደግሞ ደጋግሞ እንደሚመጣ ጻፉ። እንደ መዝሙር አዝማች የሚመላለስ ነው ብንል ያስኬዳል። የታማሚው ሰውነት ይህን አዝማች ከሁሉ አስቀድሞ ይለየዋል፤ ብዙ ፀረ እንግዳ አካልም ያዘጋጅበታል። ተመራማሪዎቹ አዝማቹን ብቻ ቆርጠው ወስደው በባክቴሪያ ውስጥ አመረቱት። የተገኘው ፕሮቲን አርኬ 39 ተባለ።

አርኬ 39 በወረቀቷ ላይ እንደ ቀጭን መስመር ይቀባል። ከታማሚው ጣት የተወሰደች የደም ጠብታ ከማቅጠኛው ፈሳሽ ጋር በወረቀቷ ላይ ስትወጣ፣ በደሙ ውስጥ ለካላዛር የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ካለ በመስመሩ ላይ ይያዛል፤ ቀለም ያለው መስመርም ብቅ ይላል። ሌላው መስመር ወረቀቷ በትክክል መሥራቷን የሚያሳይ ነው። ሁለት መስመር ከታየ ካላዛር አለ ለማለት ያስደፍራል። ውጤቱ የሚነበበው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ማቀዝቀዣም፣ አጉሊ መነጽርም፣ የመብራት ኃይልም አያስፈልገውም። ቀድሞ ተሕዋሱን በዓይን ለማየት ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ መቅዳት ግድ ነበር። ከጣፊያ መቅዳት የደም መፍሰስ ሊያስከትል ስለሚችል የሠለጠነ ባለሙያና የተሟላ ቦታ ይፈልጋል። ያን ለሁሉም ቀበሌ ማዳረስ አይታሰብም።

እስከዚህ የተናገርነው የምሥራቹ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን በተለይ ልብ ብላችሁ እንድታነቡት እንለምናለን።

የሌላ አገር ቁልፍ ለእኛ ጋን

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 18 ጥናቶችን አሰባስቦ መረመረ። በሕንድና በአጎራባቾቿ ወረቀቷ ካላዛር ካለባቸው 100 ሰዎች 97ቱን ትለያለች። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የምትለየው 85 ያህሉን ነው። 15ቱ ሕመሙ እያለባቸው የለባችሁም ይባላሉ ማለት ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ታማሚዎች ላይ ደግሞ የምትለየው ቁጥር ከዚህም ይወርዳል፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የታወቀ ችግር ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንደኛ፣ በእኛ አካባቢ ያለው ሌይሽማንያ የአዝማቹ ዶቃዎች ከብራዚሉ በመጠኑ ይለያሉ። ሁለተኛ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ታማሚዎች በደማቸው ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ከሕንድ ታማሚዎች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ወረቀቷ አልዋሸችም፤ ከሌላ አገር ተሕዋስ የተቀረጸች በመሆኗ የእኛን አጥርታ አላነበበችም። ይህ የማንም ተንኮል አይደለም። ነገር ግን የምርምሩ ናሙና ከየት እንደመጣ ማን እንደሚድን ሊወስን እንደሚችል ያሳያል። በእኛ አስተያየት የዚህ ሁሉ ትምህርት ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ተመራማሪዎች ጉድለቱን አይተው ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ2010 አርኬ 28 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነደፉ። በዚህ ጊዜ መነሻ ያደረጉት የሱዳንን ተሕዋስ ነው፤ እርሱም ከእኛው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ከሁለት የተለያዩ የተሕዋሱ ፕሮቲኖች ተደጋጋሚ ክፍሎችን መርጠው በአንድ ክር ላይ ሰኩ፤ የታማሚው ሰውነት አንዱን ባይለይ ሌላውን እንዲለይ። በሱዳንና በኢትዮጵያ ታማሚዎች ደም ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም አዲሱ ፕሮቲን ከቀድሞው የተሻለ የመለየት አቅም አሳይቷል። ለዚህ ሙከራ ደማቸውን የሰጡት ሰዎች በዚህ ሜዳና በአጎራባች ቆላዎች እንዳሉት ያሉ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ናቸው።

ከመቁረጥና ከመቀጠል ወደ መንደፍ

አርኬ 39ም አርኬ 28ም የተሠሩት በተፈጥሮ ያለውን ክር ቆርጦ በመቀጠል ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ ፊት ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ቤከርና ባልደረቦቹ በተፈጥሮ ፈጽሞ ያልታየ ቅርጽ ያለው፣ 93 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፕሮቲን በኮምፒዩተር ነድፈው ሠሩ። በሌላ ወገን ዴሚስ ሐሳቢስና ጆን ጃምፐር የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል ብቻ አይቶ ጥቅልሉ ምን እንደሚመስል የሚተነብይ አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት አዘጋጁ። ሦስቱም በመስከረም 2017 ዓ.ም. የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አልፋፎልድ የተነበያቸው ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲን ቅርጾች ያለ ክፍያ ለሁሉ ክፍት ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪም የኢንተርኔት መስመር ካገኘ፣ የሌይሽማንያን ፕሮቲኖች ቅርጽ በአውሮፓ እንዳለ ተማሪ እኩል ማየት ይችላል። እንዲህ ያለ በር በሳይንስ ታሪክ ለእኛ አገር ሲከፈት ያየነው አልፎ አልፎ ነው።

ከዚህ ምርምር እስካሁን ለሕዝብ የደረሰው ጥቂት ቢሆንም እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የደቡብ ኮሪያ መንግሥት በኮምፒዩተር በተነደፈ ፕሮቲን የተሠራ የኮቪድ ክትባት እንዲሰጥ ፈቅዷል። ክትባቱ በተራ ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ነው፤ ለገጠር ጤና ተቋም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ገና በሙከራ ላይ ያለ ቢሆንም እኛን ስለሚነካ እንጠቅሰዋለን። የእባብ መርዝ ማርከሻ እስከ ዛሬ የሚዘጋጀው ፈረስን በጥቂት በጥቂቱ በመርዝ እያላመዱ ከደሙ በማውጣት ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ታካሚንም ክፉኛ ያስቆጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከእባብ መርዝ ክፍሎች አንዱን ይዘው የሚያስሩ ትንንሽ ፕሮቲኖች በኮምፒዩተር ነድፈው፣ መርዝ ከተሰጣቸው አይጦች አብዛኞቹን ማትረፋቸውን አስታውቀዋል። ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ቢሆንም በሩዝ ማሳ ውስጥ ባዶ እግሩን ለሚሠራ፣ በሑመራ ሰሊጥ መካከል ጎንበስ ብሎ ለሚያጭድ ሰው የተስፋው ትርጉም ይገባናል።

የወባው ጉዳይ

ወባን ሳናነሣ ብናልፍ የሜዳው ሰው ይታዘበናል። በጤና ኬላ የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራም በፕሮቲን ላይ የቆመ ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩ በካላዛር ካየነው ይገለበጣል። የካላዛሯ ወረቀት የተሠራውን ፕሮቲን ይዛ በደም ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ትፈልጋለች፤ የወባዋ ወረቀት ግን ፀረ እንግዳ አካል ተቀብቶባት የተሕዋሱን ፕሮቲን ትፈልጋለች። ለአደገኛው የወባ ዓይነት በብዛት የሚፈለገው ፕሮቲን ኤች አር ፒ 2 ይባላል።

ተሕዋሱ ታዲያ ይህን ፕሮቲን መሥራት ተወ። የሚያሠራው መመሪያ ከውስጡ የጠፋ ዝርያ በሀገራችን እየተስፋፋ ነው። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የጠረፍ አካባቢዎች በ12,572 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ከአደገኛው ወባ ታማሚዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚያ ምርመራ ሳይታወቁ እንደሚያልፉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያመለጠው ቁጥር ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ስለዚህ ተሕዋሱ ሊጥለው የማይችለውን፣ ለሕይወቱ የግድ የሚያስፈልገውን ሌላ ፕሮቲን የሚፈልጉ መመርመሪያዎች አስፈልገዋል። ያን ፕሮቲን አጥብቀው የሚይዙ ጥሩ መያዣዎችን ማዘጋጀት ደግሞ የፕሮቲን ንድፍ ሊያግዝበት የሚችል ሥራ ነው።

በክትባትም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ለሕፃናት እንዲሰጥ የመከረው አር 21 የተባለው የወባ ክትባት፣ የወባው ተሕዋስ ፕሮቲን ክፍል ከጉበት በሽታ ቫይረስ ፕሮቲን ጋር ተቀጥሎ የተሠራ ነው። ሁለቱ ሲቀጠሉ እንደ ትንሽ ኳስ ይሰባሰባሉ፤ የሕፃኑም ሰውነት በቀላሉ ይለያቸዋል። ለካላዛር ግን ለሰው የሚሰጥ የተፈቀደ ክትባት እስከ ዛሬ የለም።

ሊታለፍ የማይገባው ጥንቃቄ

በኮምፒዩተር ከሚነደፉት ፕሮቲኖች አብዛኞቹ በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ አይሠሩም። የሠሩትም ቢሆኑ ለሰው እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጃሉ፤ ደርሰውም ዋጋቸው ከድሀው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ የተሻለ መመርመሪያ ቢመጣ መድኃኒቱ በመጋዘን ከሌለ የሕመምን ስም ከማወቅ በቀር የሚገኝ ነገር አይኖርም። ካላዛር በአካባቢያችን በመርፌ ለ17 ቀናት የሚሰጥ ሕክምና አለው፤ ገበሬ በአዝመራ ጊዜ 17 ቀን ከእርሻው መለየት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። በዚያ ላይ አስታማሚ አለ፣ ስንቅ አለ። ሰበካ ጉባኤና እድር ሊደርሱበት የሚችሉት ቦታ አንዱ ይህ ነው።

በአጥቢያ ምን ይደረግ?

የንስሐ አባት ከጤና ባለሙያ በፊት ወደ ቤት ይገባል። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው፣ የከሳ፣ ግራ ጎኑ ያበጠ ሰው ሲያይ፣ በተለይም ሰውየው ከቆላ ሥራ የተመለሰ ከሆነ ወይም በበሽታው ቀበሌ የሚኖር ከሆነ፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ሊመክረው ይገባል። የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለው ምክሩ ጥብቅ ይሁን። ወረቀቷ የለብህም ብላው ሕመሙ ከቀጠለም ነገሩ በዚያ አይቆም፤ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል እንዲላክ ይጠይቅ። ይህን የምንለው ከላይ ያየናቸውን 15 ሰዎች አስበን ነው። ቀድሞ ካላዛር ታሞ የዳነ ሰው ደግሞ ዳግመኛ ቢታመም፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳነ በኋላም ለዓመታት በደሙ ስለሚቆይ ወረቀቷ ማገርሸቱን ለመለየት አትጠቅመውም። ቀድሞ መታከሙን ለባለሙያው መናገር አለበት። ብዙዎች ይህን ሳይናገሩ ይቀራሉ፤ ማንም አልጠየቃቸውምና።

ወደ ጠበል የሚመጡ ሕሙማን ጉዳይ ለካህናት አባቶች አዲስ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ አስተምረዋል፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የሚያስተምረው ይታወቃል። ለካላዛርም ከዚህ የተለየ ትምህርት የለንም። በጠበል ቦታ ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳተኛ ካለ ቀኑ ሲገፋ የሚቀልለት ስላልሆነ፣ ጠበሉን እየተጠመቀ ሕክምናውንም እንዲያገኝ ማድረግ የአባቶች ድርሻ ነው።

የአሸዋ ዝንቡ ነገርም አለ። የፎገራና የሊቦ ጥቁር የዋልካ አፈር በበጋ ሲሰነጠቅ ለዝንቡ መጠለያ ይሆናል። በወረርሽኙ ጊዜ በአካባቢው የተደረገ ጥናት ሌሊት ከቤት ውጭ ማደር፣ ቀን በግራር ጥላ ሥር መተኛትና ውሻ ማሳደር ከበሽታው ጋር ተያይዘው እንደተገኙ አሳይቷል። አዝመራ ጠባቂው ውጭ ያድራል። በንግሥ በዓል ዋዜማ ምእመናን በቅጽር ግቢ ያድራሉ፤ የአብነት ተማሪ ጎጆው ሲጠበው በዛፍ ሥር ይጋደማል። ይህን ሁሉ ማስቀረት አይቻልም፤ ግን ለአብነት ተማሪዎቻችን አጎበር መስጠት ይቻላል። ዝንቡ ከወባ ትንኝ ስለሚያንስ ቀዳዳው የጠበበ አጎበር ይመረጣል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ደም ናሙና ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌይሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በመሳሰሉ ተቋማት የሚደረግ ምርምር የሰዎችን ደም ይፈልጋል። አጥኚዎች ወደ ቀበሌው ሲመጡ ሕዝቡ ካህኑን መጠየቁ አይቀርም። ካህኑ ማስገደድም ማስፈራራትም የለበትም። ደም ሰጪው ናሙናው ለምን እንደሚውል፣ ወዴት እንደሚሄድና እንቢ ቢል ሕክምናው እንደማይጓደልበት ተነግሮት በፈቃዱ ሊሰጥ መብቱ ነው፤ ይህ ካልተነገረው ካህኑ ስለ እርሱ ይጠይቅለት። በሌላ በኩል ግን ከዚህ ሜዳ ናሙና ካልተገኘ፣ ነገ የሚነደፈውም ፕሮቲን እንደ አርኬ 39 ለሌላ አገር ሰው የተቀረጸ ይሆናል።

ይህን ትምህርት በሰበካ ጉባኤ ስትወያዩበት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ እንድታተኩሩ እንጠይቃለን። ከአጥቢያችሁ ዘንድሮ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የወረዱት ወጣቶች ስንት ናቸው? ስማቸውን የያዘ አለ? ሲመለሱ ስለ ትኩሳታቸው የሚጠይቃቸው ማን ነው? ካላዛር ታመው የዳኑ በአጥቢያው ካሉ፣ ሕመሙ ቢያገረሽባቸው ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ? ለካላዛር ሕክምና የሚልከው ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጠይቃችሁ፣ የቦታውን ስም በሰበካ ጉባኤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጻፉት።